ከበር ውጪ የተቀመጠው ሸማኔ

መንዝ ስመደብ እናቴ ሁለት ጋቢ አሲዛ፣ አልቅሳ ሸኘችኝ። የቆላዋ ዓለም ከተማ ሰዎች ነን፤ የእኛ ሰው ዘመዱ ወደ ደጋ ሲወጣበት ልጁን ዘመቻ እንደላከ አባት ይሆናል። እኔ ግን ትምህርቴን ገና የጨረስኩ፣ የደመወዝን ጣዕም የማላውቅ ሰው ስለነበርኩ ከመንዝ የባሰ ቢሉኝም እሄድ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ዓመታት አልፈዋል። በየቀበሌው «ልማት» የሚለው ቃል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣበት ጊዜ ነው።

የሥራ መደቤ «የማኅበራዊ ልማት ሠራተኛ» ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ከሥራው ይከብድ ነበር። የግብርናው ሰው ሲመጣ ዘር ይዞ ይመጣል። የጤናው ሰው መርፌ ይይዛል። እኔ ይዤ የምመጣው ስብሰባ ብቻ ነው። ቀየት ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት «አንቺስ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብትለኝ፣ «እናንተን ላደራጅ ነው» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ምነው፣ ተበትነን ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ስሜን የሚጠራ አልነበረም። «ልማቷ» ይሉኛል። «ልማቷ መጣች፣ ውሻውን ያዙ!» ሲባል ከሩቅ እሰማለሁ። መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር፤ ኋላ ግን የሚጠሩኝ ውሻውን ከያዙ ምን አለኝ ብዬ ተውኩት።

የመጣሁበት ጉዳይ የበግ ፀጉር ነው። የመንዝ ሰው ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ ከበጉ ፀጉር ደግሞ ባና የሚሉትን ወፍራም የብርድ ልብስ ይሠራል። ሴቶቹ ፀጉሩን ያጸዳሉ፣ ይፈትላሉ። መንገድ ሲሄዱ ይፈትላሉ፣ ገበያ ቆመው ይፈትላሉ፣ ስብሰባዬ ላይም ይፈትላሉ። እኔ ስናገር የሚያዩት እንዝርታቸውን ነው። ሽመናው ግን የወንድ ነው። ሴት በሬ እንደማትጠምድ፣ በግ እንደማታርድ ሁሉ ሽመናም ላይ አትቀመጥም። ይህን ማንም በቃል አይናገረውም፤ ሰማይ ከላይ ነው ብሎ የሚናገር ሰው እንደሌለ ሁሉ። የእኔ መሥሪያ ቤት ሸማኔዎቹን በማኅበር አደራጅቶ ባናቸውን አዲስ አበባ ላለ አንድ ሱቅ የማቅረብ እቅድ ይዞ ነበር። ሱቁ ሁሉም ባና አንድ ዓይነት ስፋትና አንድ ዓይነት ጥራት እንዲኖረው ይፈልጋል።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ በሥልጠና የተሰጠኝን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ዘጋሁ። ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ልጄ፣ እዚህ አንበሳ የለም» አሉ። «እዚህ ያለው ብርድ ነው። ድሩ ካበረ ለእሱ ይሁንልን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ኋላ ማኅበሩ ሲቋቋም ሊቀመንበር አድርገው የመረጧቸው እኚህን ሽማግሌ ነው። ቆራቢ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ከቆረቡ ብዙ ዘመናቸው ነው ይባላል። ረጅምና ቀጭን ናቸው፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መጀመሪያ ሰሞን የተኙ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር።

የማኅበሩ ሥራ ጥሩ ሄደ። ሸማኔው በየቤቱ ይሸምናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባናውን ያመጣል፣ እናያለን፣ እንቀበላለን። ከሚመጡት ሁሉ የአንዱ ሰው ባና ይለያል። ጥቁር ነው፣ ጥብቅ ያለ ነው፣ ዳርና ዳሩ በገመድ የተለካ ይመስላል። የሱቁ ሰዎችም ከዚህ ሰው ባና ጨምሩልን ይሉ ነበር። ሰውየው በዕድሜ ብዙም የማይበልጠኝ፣ ቀይ፣ ዝምተኛ ገበሬ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ከፈረስ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ወልቆ እንደነበር ሰምቻለሁ። ወጌሻ አሽቶታል። «አሁንስ ተሻለህ?» ስለው «ትንሽ ይከብደኛል እንጂ ደህና ነኝ» ይለኛል። በርኖሱን ከላዩ ስለማያወልቅ ክንዱን አይቼው አላውቅም።

ከዚያ አዳራሹ መጣ። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሸማኔዎቹ በየቤታቸው ተበታትነው ከሚሠሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሆኑ ጥራቱን መቆጣጠር ይቀላል ብለው ባለ ቆርቆሮ ትልቅ አዳራሽ አሠሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ልማት ሲባል በዓይን የሚታይ ነገር ያስፈልጋል፤ ስብሰባ ደግሞ አይታይም። ኃላፊዬ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ተቀምጦ በሬዲዮ የሚያዘኝ ሰው፣ ሸማኔ ሁሉ ዕቃውን ነቅሎ ወደ አዳራሹ እንዲያስገባ አዘዘ። የማይገባ ከማኅበሩ ይወጣል። ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለሚመጡም ነገሩ ቶሎ ማለቅ አለበት። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ ማሳመን ጀመርኩ። ሌላው ሁሉ እያጉረመረመም ቢሆን እሺ አለ። የቀረኝ ያ ቀይ ዝምተኛ ሰው ነው።

ቤቱ ወደ ጓሳ በኩል ሲወጡ ዳገቱ ላይ ነው። ከዚያ በፊትም ደጋግሜ ሄጃለሁ። ሁልጊዜም የማገኘው ከበር ውጪ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ተቀምጦ ነው። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ይስላል። ኃይለኛ ሳል ነው፣ ከዳገቱ ሥር ይሰማል። እኔ የልማት ሠራተኛ ነኛ! ደረቱን የታመመ መስሎኝ ጤና ጣቢያ ሂድ ብዬ ስንት ጊዜ ጨቅጭቄዋለሁ። «እሺ፣ እሄዳለሁ እህቴ» ይለኛል፤ አይሄድም።

የዚያን ቀን አልሳለም። ከካቡ ሥር ተቀምጧል፣ አይቶኛል፣ ግን አልሳለም። በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ ግን ድምፅ ይሰማል። መወርወሪያው ሽው ይላል፣ ቀጥሎ ማጉን የሚያጣብቀው እንጨት ዷ ይላል። ሽው፣ ዷ። ያን ድምፅ በዚያ ጊዜ ከራሴ ልብ ምት አስበልጬ አውቀው ነበር።

ሸማኔው እዚህ ውጪ ተቀምጦ በቤቱ ውስጥ ማነው የሚሸምነው?

«ቤቶች ደህና ናችሁ?» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጪ እህቴ።»

ተቀመጥኩ። ስለ አዳራሹ ጀመርኩ። እሱ ስለ ገብስ አወራ። ዷ ይላል ከውስጥ። «ዘንድሮ ውርጩ በረታ!» ይላል እሱ ጮክ ብሎ። ዷ። «የታችኞቹማ ጨርሶ ነው የመታቸው!» ዷ። ሁለታችንም የሰማነውን እንዳልሰማን ሆነን ስለ ውርጭ እየጮህን ተቀመጥን። እኔ በዚያ ጭውውት ላይ ስለ ውርጭ ያወቅኩት ከግብርናው ሰው ይበልጥ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ቆመና በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ናት። ቀሚሷ ላይ ጥቁር የበግ ፀጉር ብን ብን ብሎ ተጣብቋል። ስታየኝ ክው አለች። ቀጥሎ ባሏን አየችው፣ እሱም መሬት መሬት አየ። «ብርድ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጠሽ?» አለችኝ ወዲያው፣ እንግዳ ተቀባይነቷ ከድንጋጤዋ ቀድሞ። ገብቼ ጠላ ጠጣሁ፣ ቆሎ በላሁ። ከምሰሶው ማዶ በጨለማው ውስጥ የሽመናው ጉድጓድና የተወጠረው ጥቁር ድር ይታያል። ሦስታችንም ወደዚያ አላየንም።

ሊሸኘኝ እስከ መንገዱ መጣ። ስንለያይ እንዲህ አለኝ፤

«አዳራሹ ሰፊ ነው አሉ።»

«ሰፊ ነው» አልኩት።

«ሁሉም ሰው ሁሉን ሰው የሚያይበት ነው አሉ።»

«አዎ» አልኩ። በዚያው በርኖሱን ሰብስቦ ተመለሰ።

ዳገቱን ስወርድ ነው የገባኝ። ሳሉ የደረት ሕመም አልነበረም። ሰው ሲመጣ ሚስቱ ሥራዋን እንድታቆም የሚሰጣት ምልክት ነበር። የዚያን ቀን ያልሳለው ደግሞ ረስቶ አይደለም። እንድሰማ ፈልጎ ነው። ኋላ እንዳረጋገጥኩት ቀኝ ክንዱ ጨርሶ አልዳነም፤ እጁ እንደ ጨርቅ የተንጠለጠለ ነው። ማረስ አቅቶት መሬቱን ለእኩል ሰጥቷል። የእኩል ገብስ ቤት አይሞላም። ቤቱን ያቆመው ሽመናው ነው፣ ሽመናው ደግሞ የእሷ ነው። ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጦ ይህን አንሺ፣ ያን ርገጪ እያለ በአፉ አስተማራት፤ እሷም በእጇ ተማረች። ያን ሁሉ ያመሰገንነው ባና የእሷ ሥራ ነው። አሁን ዕቃው ወደ አዳራሹ ይግባ ከተባለ ወይ ሰው ሁሉ ፊት በአንድ እጁ ተቀምጦ ይዋረዳል፣ ወይ እሷ ተቀምጣ ትዋረዳለች፣ ወይ ከማኅበሩ ይወጣሉ። ከወጡ እሷ ከተማ ወርዳ ሰው ቤት እንጀራ ልትጋግር፣ እሱ ወንድሙ ጓሮ ሊጠጋ ነው። ያቺ ቤት ትፈርሳለች። እኔን ያኮራኝ ቆርቆሮ ነው የሚያፈርሳት።

በትምህርት ቤት ስለ «ተጠቃሚ» ብዙ ተምረናል። ተጠቃሚ ማለት ችግሩን የሚናገር ሰው ነው ብዬ ነበር የማስበው። ችግሩን ተናግሮ ከሚኖር ሳይናገር መሞት የሚቀለው ሰው እንዳለ፣ የዚያን ሰው ችግር መስማትም ሥራዬ እንደሆነ ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም። ንዴትም ነበረብኝ። በኃላፊዬ ተናደድኩ፣ በአዳራሹ ተናደድኩ፣ አንዲት ሴት የባለሙያ ሥራ ሠርታ እንደ ሌባ በር ዘግታ መቀመጧም አናደደኝ። ወጥቼ ገበያው መሐል «የሸመነችው እሷ ናት!» ብዬ መጮህ አማረኝ። ግን ገበናው የእኔ አይደለም። ስሜ «ልማቷ» ቢሆንም የሰው ገበና ላለማ አልተላክሁም።

ሊቀመንበሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ። ዙሪያ ጥምጥም ነው የሄድኩት።

«አባባ፣ አዳራሹ ለሽመና የሚጠብ ይመስለኛል» አልኩ።

«ይጠባል? ፈረስ የሚጋለብበት ቤት?»

«ብርሃኑም… ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል…»

መጥረቢያቸውን አስቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የሳሉን ነገር ነው የመጣሽበት?» አሉ።

ደንግጬ አጠገባቸው ካለው ግንድ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ ያቺ ሳል ከተጀመረች ቆይታለች። እኔም አውቃለሁ፣ ሌላውም ያውቃል። ያወቅነውን ሁሉ ብንናገር በአንድ ደብር አንሳለምም ነበር። ዝም አይነቅዝም።»

«ታዲያ ዕቃውን ሲያስገባስ ምን ልንል ነው?»

«እሱ ነው የቸገረኝ። ዝም ማለት እችላለሁ። እያየሁ አላየሁም ማለት ግን ውሸት ነው፣ እኔ ደግሞ ውሸት አልችልም።»

ቁጭ ብለን ብዙ አሰብን። ሐሳቡ ከማን አፍ እንደወጣ ዛሬ ለይቼ መናገር አልችልም። እኔ ስለ ባናዎቹ ጥራት አነሳሁ፤ ሽመናው ጥሩ ሆኖ ሳለ አንዳንዱ ለምን ሳሳ ብሎ እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው። የርገጣ ነገር ነው አሉ። ባና ተሸምኖ ሲያልቅ በሙቅ ውሃ ይነከርና በእግር ይረገጣል፣ ፀጉሩ እርስ በርሱ እስኪያያዝ። ይህን በየቤቱ አንዱ በደንብ ይረግጣል፣ ሌላው በድካም ይተወዋል። «ያልተረገጠ ባና ወንፊት ነው» አሉ። እኔ «ታዲያ ሽመናው እንደድሮው በየቤቱ ሆኖ አዳራሹ የርገጣ ቤት ቢሆንስ?» አልኩ። ወይም እሳቸው አሉ። ብቻ ወዲያው ዓይናቸውን ገለጡ።

«የሱ እግር መቼ ተሰበረና!» አሉ፣ ሞፈሩን በመዳፋቸው እየመቱ። «ያ የፈረሰኛ እግር!»

ኃላፊዬን ማሳመን ከሽማግሌው ይልቅ ከባድ ነበር። «አዳራሽ ያሠራነው ሰው ውሃ ውስጥ ሊረጋግጥበት ነው?» አለኝ። «ርገጣ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነው የሰማው። እኔም ልምድ አግኝቼ ነበርና ስሙን «የጥራት ማሻሻያ ማዕከል» አልኩት። ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ግን የሴቶች ተሳትፎ የታለ? እንግዶቹ የሚጠይቁት እሱን ነው። አንዲት እንኳ ሴት ሸማኔ ብናገኝ!» አለ። አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ሴቶቹ ይፈትላሉ አልኩት። መፈተል አዲስ አይደለም አለና አዝኖ ተስማማ።

አዳራሹ ውስጥ የሲሚንቶ ገንዳ ተሠራ። ውሃ በበርሜል ይፈላል። ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገንዳው ውስጥ በረድፍ ይቆማሉ፣ ይረግጣሉ፣ ይዘፍናሉ። ሰውየውን የርገጣው አውራ አድርገው ሾሙት። መጀመሪያ ቀን በርኖሱን ሲያወልቅ ክንዱን ሁሉም አየው፤ እሱም አልደበቀውም። እጁን መቀነቱ ውስጥ ሸጉጦ ገንዳው ውስጥ ገባ። መርገጥ ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ነበር። ያ ዝምተኛ ሰው ዘፈን አወጣ! ግጥሙም ሰውን የሚነካካ፣ የሚያስቅ ነው። ለአንዱ ሰነፍ «ባናውን አትዳብሰው፣ ርገጠው እንጂ» ብሎ ሲገጥምበት ሰውየው ራሱ እየሳቀ ረገጠ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳይ እንባዬ መጣ። ደስታ ነው። በዚያ ሥራ ላይ ያሳለፍኩት ዘመን ሁሉ ለዚያች ጠዋት ቢሆን አይቆጨኝም።

እንግዶቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት መኪና ሙሉ ናቸው። ከመካከላቸው በሥልጣን የምትበልጠው ትልቅ መነጽር ያደረገች፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። ኃላፊዬ ከኋላዋ ኮቱን እየጎተተ ይከተላል። ፈታዮቹ ግድግዳው ሥር በረድፍ ተቀምጠዋል፤ የሰውየውም ሚስት ከነሱ ጋር እንዝርቷን እያሾረች ናት። ወንዶቹ ገንዳ ውስጥ ናቸው። እንግዳዋ የተዘረጉትን ባናዎች እየዳሰሰች መጥታ ያ ጥቁሩ ላይ ቆመች። ማንም እዚያ ላይ ይቆማል።

«ይሄ የማን ሥራ ነው?» አለች።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ኃላፊዬ ግን ያውቃል ብዬ ያላሰብኩትን አወቀና ወደ ገንዳው ጠቆመ። «የሱ ነው። ምርጥ ሸማኔያችን ነው።»

ሴትየዋ ዘወር ብላ አየችው። የተሸጎጠውን እጁን አየች። ክፋት የለባትም፤ ሰው አይታ የምትጠይቅ ሴት ናት። «በአንድ እጁ?» አለች፣ ተገርማ። ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ «አባባ፣ ይህን በአንድ እጁ ነው የሸመነው?»

ዘፈኑ ቆመ። ውሃው ብቻ ይንቦጫረቃል፣ ኋላ እሱም ቆመ። እኔ «ምሳ ደርሷል» አልኩ፤ የሰማኝ የለም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አዎ ሊሉ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ሊያፈርሱ ነው፣ ለአንድ ሰው ገበና ብለው።

«አባቴ፣ ተዉት» አለ ሰውየው ከገንዳው ውስጥ። «እርስዎ ቆራቢ ነዎት። ለእኔ ብለው አይዋሹ።» ከዚያ እንግዳዋን አየና በደህና እጁ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «የሸመነችው እሷ ናት። ሚስቴ ናት። እኔ ረጋጭ ነኝ።»

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እንግዳዋ ግን እጆቿን አጨብጭባ ወደ ሴቶቹ ሮጠች። ኃላፊዬ ሎተሪ የወጣለት ሰው መሰለ። «ሴት ሸማኔ! ሴት ሸማኔ!» እያለ ፎቶ አንሺውን ይጣራል። ሴቲቱን አስነሷት፣ ባናውን አስያዟት፣ ብቻዋን አቆሟት። እንግዳዋ «አንቺ ጀግና ነሽ፣ ሥራው የራስሽ ነው» አለቻት።

እሷ ባናውን ይዛ ትንሽ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል። «የራሴ አይደለም» አለች። «እሱ ባይነግረኝ አልሸምነውም። እሱ ባይረግጠው ወንፊት ነው። ብቻዬን አታንሱኝ።» ሄዳ ባሏን በደህና እጁ ይዛ ከገንዳው አወጣችው። ሱሪው እንደተሰበሰበ፣ እግሩ ውሃ እያንጠባጠበ አጠገቧ አቆመችው። ፎቶው የተነሳው እንዲህ ነው።

ኋላ የሆነውን ባጭሩ ልበል። ለጥቂት የገበያ ቀን «ሚስቱ ሱሪ ታጠቀች» ያሉ ነበሩ፤ ሰለቻቸውና ተዉት። አንዲት ሌላ ሴት፣ ባሏ የሞተባት፣ በግልጽ ሽመና ተማረች። ሱቁ ለጥቂት ዓመት ገዛ፣ ከዚያ አቆመ፤ ሸማኔዎቹ በቀየትና በመሐል ሜዳ ገበያ ይሸጡ ጀመር። የእኔ መሥሪያ ቤትም ጊዜው አልቆ ሄደ፣ እኔም ሌላ ቦታ ተመደብኩ። አዳራሹ አሁን የእህል መጋዘን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ ስመዝነው ለአገር ኢኮኖሚ ምን እንደጨመርኩ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ብዙ፣ አንዳንድ ጊዜ ምንም ይመስለኛል።

የዚያን ቀን ግን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከባልና ሚስቱ ጋር ዳገቱን አብሬያቸው ወጣሁ። እንዳይጣሉ ብዬ ነው። እሷ ቀድማ ትሄዳለች፤ እንዝርቷ እንኳ ቆሟል። አቀበቱ ላይ ድንገት ዞራ ቆመች።

«ለምን ተናገርክ?» አለችው።

«እሳቸው ሊዋሹ ነበራ።»

«ዘንድሮን እንኳ ባትናገር። ይህን ሁሉ ዘመን ችለህ።»

«የቻልኩት ላንቺ ብዬ ነው እንጂ» አላት። «ወንዳወንድ እንዳይሉሽ። ሰው ቀርቦ እንዳይሰማሽ። ያን ሁሉ ብርድ ላይ የተቀመጥኩት ያንቺን ስም ልጠብቅ ነው። የኔማ ስም ከክንዴ ጋር ሄዷል፤ ምን ቀረኝና!»

አፍጥጣ አየችው። ከዚያ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። የምትስቅ መሰለኝ፤ ግን አልነበረም።

«ለኔ ብለህ?»

«ታዲያ ለማን?»

«እኔ እኮ ያንተ ስም እንዳይነሳ ብዬ ነው የተደበቅኩት» አለች። ድምፁ ከሆዷ ነው የወጣው። «ለራሴ ቢሆንማ ምን ገዶኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥቼ እሸምነው ነበር። ጥቁር ፀጉር በጨለማ… ድሩን በጣቴ እየዳበስኩ፣ የተበጠሰውን በምላሴ እየፈለግሁ። አሁን የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከዚህ ሆኜ አላየውም። ካቆምኩ ምን ትሆናለህ ብዬ አልነገርኩህም እንጂ ዓይኔ ጠፍቷል።»

ባልየው አጠገቧ ተንበረከከ። ደህናውን እጁን ወደ ፊቷ ዘረጋና አየር ላይ ቆመበት።

«ዓይንሽ?» አላት።

አላወቀም ነበር።